ጌሚንግ ኪቦርድና ማውስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ታናሽ ወንድሜ ለወራት ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ጌሚንግ ኪቦርድና ማውስ ገዛ። ሲሰካቸው ክፍሉ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ መብራት ደመቀ። ሁለት ቀን ተጫወተ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «ያምራል፣ ግን ጌሙ ያው ነው» አለኝ። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው።

አብረን ኮምፒውተሩን ከፈትን። ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል ማደስ የሚችል ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን 60 ላይ ተቀምጧል። ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ሴቲንጉን ቀየርነው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጌሙን ከፍቶ ግራ ቀኝ ዞር ዞር አለና «እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰበት ዕቃ ያልሰጠውን ለውጥ አንድ ሴቲንግ ሰጠው።

ጌሚንግ ዕቃ አይረባም እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ ዋጋውን ደጋግሞ ያወጣልኝ ማውስ አለኝ። ነገር ግን ካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈውና እጃችሁ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ብትከተሉ ለየትኛው መክፈል እንዳለባችሁ ራሳችሁ ትለያላችሁ። ምናልባትም ምንም ሳትገዙ ትቀራላችሁ።

1. መጀመሪያ ያላችሁን ዕቃ ፈትሹ

ግማሽ ሰዓት መድቡ። አዲስ ዕቃ የሚያስፈልገው አሮጌው የሚያጎድልባችሁ ነገር ሲኖር ነው። ጉድለቱ መኖር አለመኖሩን ደግሞ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

ከማውሱ ጀምሩ። ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፎልደር ምረጡና በግራ ክሊክ አንድ አንድ ጊዜ፣ በመሃል እያረፋችሁ፣ ሃምሳ ጊዜ ያህል ንኩት። አንዴ ብቻ ነክታችሁት ፎልደሩ ከተከፈተ፣ ማውሱ አንዱን ክሊክ ሁለት አድርጎ እየቆጠረ ነው። ክሊኩ ሥር ያለችው ስስ የብረት ቅጠል ስታረጅ ወይም ስትቆሽሽ የሚመጣ በሽታ ነው።

እኔን ይህ ነገር የገጠመኝ ውድ በሚባል ማውስ ነበር። ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም። ጌም ውስጥ ኢላማ ላይ አነጣጥሬ ክሊኩን ይዤ ስጠብቅ መሃል ላይ ይለቅብኛል። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ጣቴ የዛለ መስሎኝ ሳምንታት ለፋሁ። አንድ ቀን ፋይል ላስቀምጥ ብዬ ፎልደር ስነካ ሳላስበው ተከፈተ። ደግሜ ነካሁት፤ አሁንም ተከፈተ። ያኔ ነው የገባኝ። ስለዚህ «ችሎታዬ ወረደ» ከማለታችሁ በፊት ይህችን ፈተና አድርጓት።

ቀጥሎ የዊንዶውስን የማውስ ሴቲንግ ክፈቱና «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን አጥፉት። ስሙ ጥሩ ይመስላል። ሥራው ግን ጠቋሚውን እንደ እጃችሁ ፍጥነት ማርዘምና ማሳጠር ነው። ማውሱን 5 ሴንቲሜትር ቶሎ ብትገፉትና ያንኑ 5 ሴንቲሜትር ቀስ ብላችሁ ብትገፉት ጠቋሚው እኩል አይሄድም። እንዲህ ከሆነ እጅ ርቀትን መልመድ ይቸግረዋል። ጌሙ ውስጥ «ሮው ኢንፑት» የሚል ምርጫ ካለ አብሩት፤ ያን ጊዜ ጌሙ የዊንዶውስን ሴቲንግ ዘሎ ከማውሱ በቀጥታ ያነባል።

ወደ ኪቦርዱ እንለፍ። ኖትፓድ ክፈቱ። በሁለቱ ትንንሽ ጣቶቻችሁ ሁለቱንም ሺፍት ተጭናችሁ ያዙና በቀሩት ጣቶች ፊደላቱን ከኤ እስከ ዜድ አንድ በአንድ ምቱ። ብዙ ተራ ኪቦርዶች ላይ የተወሰኑ ፊደላት ጨርሶ አይወጡም። ምክንያቱ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ ስለሌለው ነው። ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ተሳስረዋል። አንዳንድ ሦስት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ኪቦርዱ የትኛው እንደተነካ መለየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ዝም ይለዋል።

ይህ በራሱ አዲስ ኪቦርድ አያስገዛም። ዋናው ጥያቄ እናንተ አብራችሁ የምትጫኗቸው ቁልፎች ይሠራሉ ወይ የሚለው ነው። የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱ። ደብሊው እና ኤ የተባሉትን ቁልፎች ይዛችሁ ሺፍት ጨምሩ፤ በላዩ ስፔስ ምቱ፤ ከዚያ አር ምቱ። ሩጫው፣ ዝላዩ፣ ጥይት መሙላቱ ሁሉም ከታዘዙላችሁ ኪቦርዱ በዚህ በኩል አላስቸገራችሁም።

መጨረሻ ላይ የሞኒተሩን ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚያድስ፣ እዩ። የወንድሜን ታሪክ አትርሱ። የማውሱን እግሮችና ከሥሩ ያለውን የሴንሰሩን (እንቅስቃሴ የሚያነበውን ክፍል) ቀዳዳም በደረቅ ጥጥ ጥረጉ። እዚያ የሚገኘው ቆሻሻ ያስደነግጣል።

2. ምን ትጫወታላችሁ?

ተራ በተራ የሚጫወቱት፣ ካርታ፣ ቼዝ፣ እርሻ፣ ከተማ ግንባታ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። የሚሠራ ማውስና የሚሠራ ኪቦርድ ይበቃችኋል። የመኪና ውድድርና የእግር ኳስ ጌም ወዳጆች ገንዘባቸውን ለኮንትሮለር ቢያውሉት ይሻላል።

እንደ ዶታ 2 እና ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ያሉት ላይ ክሊኩ ብዙ ስለሆነ የማውሱ ምቾትና ጥንካሬ ይፈለጋል። ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ግን እንደ ካውንተር ስትራይክና ቫሎራንት ባሉ የተኩስ ጌሞች ነው። እዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ እንኳን ዋጋ ያስከፍላል። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ለእነዚህ ተጫዋቾች ነው።

3. ማውስ ይቀድማል

ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ከሌላችሁ ማውሱን አስቀድሙ። ኪቦርድ ላይ ቁልፍ ወይ ተጫነ ወይ አልተጫነም። ማውስ ግን የእጃችሁን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ተከትሎ መዘገብ አለበት። ስህተት የሚገባበት በርም እሱ ጋ ይሰፋል።

ቁጥሮቹን ቶሎ እንገላገላቸው። በትልቁ የሚጻፈው ዲፒአይ ነው። ማውሱ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ስንት ነጥብ ይቆጥራል ማለት ነው። ካርቶኑ 26,000 ይላል። እስቲ እናስላው። ስክሪናችሁ በአግድም 1920 ነጥብ ካለው፣ በ800 ዲፒአይ ጠቋሚውን ከዳር እስከ ዳር ለመውሰድ እጃችሁ ወደ 6 ሴንቲሜትር ይጓዛል። በ26,000 ከ2 ሚሊሜትር ያነሰ ይበቃል። የብዕር ጫፍ ታህል እንቅስቃሴ ናት። በዚያ ላይ ማን ያነጣጥራል? በሙያ የሚወዳደሩ የተኩስ ጌም ተጫዋቾች አብዛኞቹ ከ400 እስከ 1600 ባለው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ዲፒአዩ ከፍ ስላለ ብቻ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ሁለተኛው ቁጥር ፖሊንግ ሬት ነው። ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት ያደርጋል? ተራ የቢሮ ማውስ 125 ጊዜ ነው፤ በየ8 ሚሊሰከንዱ ማለት ነው። ጌሚንግ ማውስ 1000 ጊዜ፣ በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው። ይህ እድገት እውነተኛ ነው፤ ጠቋሚው ሲሄድ ለስለስ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቅም ግን እያነሰ ይሄዳል። 8000 ሄርዝ የሚሉት ጊዜውን ወደ 0.125 ሚሊሰከንድ ያወርዱታል። ባለ 60 ሄርዝ ሞኒተር አዲስ ምስል የሚያሳያችሁ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው። የሰው ዓይን አይቶ ጣት እስኪነካ ደግሞ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። 8000 ሄርዝ ፕሮሰሰሩንም ያደክማል፤ ደከም ያለ ኮምፒውተር ላይ ጌሙ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። 1000 በቂ ነው።

ሴንሰሩስ? የተለያየ ስም የለጠፉ ብዙ ማውሶች ውስጣቸው ያለው ሴንሰር ፒክስአርት ከሚባል አንድ ድርጅት የመጣ ነው። መካከለኛ ዋጋ ያለው የዛሬ ጌሚንግ ማውስ ሴንሰር ከአብዛኞቻችን እጅ የተሻለ ነው። እርካሽ ሆኖ የሴንሰሩን ስም የማይናገር ማውስ ሲገጥማችሁ ግን ተጠንቀቁ። እንዲህ ያለውን ቶሎ ስትወረውሩት ጠቋሚው መንገዱን ስቶ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ መሬት ሊያፈጥ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቅርጽ። ማስታወቂያ ላይ ብዙም አይወራለትም፤ ምክንያቱም ቁጥር የለውም። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ።

ማስመሪያ አምጡና ከመሃል ጣታችሁ ጫፍ እስከ እጅ አንጓችሁ ለኩ። በግርድፉ ከ17 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ትንሽ እጅ፣ ከ20 በላይ ከሆነ ትልቅ እጅ ነው። ከዚያ ያላችሁን ማውስ እንደ ልማዳችሁ ያዙና ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ። መዳፋችሁ ሙሉ በሙሉ ጀርባው ላይ ተኝቷል? ለእናንተ ረዘም ያለና ጉብ ያለ ማውስ ይስማማችኋል። ጣቶቻችሁ እንደ ጥፍር ታጥፈው መዳፉ በኋላ በኩል ብቻ ይነካል? መካከለኛ መጠን ፈልጉ። መዳፋችሁ ጭራሽ ሳይነካ በጣት ጫፍ ብቻ ነው የምትይዙት? አጠር ያለና ቀላል ይሁን። ግራኝ የሆናችሁ ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል የሆነውን ፈልጉ፤ ወደ አንድ ጎን የተጠማዘዙት ከሞላ ጎደል ሁሉም ለቀኝ እጅ የተሠሩ ናቸው። ይህን ሳያዩ ገዝተው የተቆጩ አውቃለሁ።

ክብደትም ዋጋ አለው። ለዓመታት በብዛት የተሸጠው የሎጊቴክ ጂ502 ማውስ 121 ግራም ይመዝን ነበር። የዚያው ድርጅት ጂ ፕሮ ኤክስ ሱፐርላይት ከ63 ግራም በታች ነው። ግማሽ ማለት ነው። ማውስን በአንድ ምሽት ስንት መቶ ጊዜ አንስታችሁ መልሳችሁ እንደምታስቀምጡ አስቡት። ቀላሉን ከለመዳችሁ በኋላ ከባዱ ጡብ ይሆንባችኋል፤ አንጓውም ያመሰግናችኋል።

ማውስ ፓድ አትርሱ። ሰፋ ያለ የጨርቅ ፓድ ዋጋው ትንሽ ነው። ያለ ፓድ በሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ከማንኛውም ማውስ በፊት እሱን ግዙ።

4. ኪቦርድ፦ የጣት ስሜት ጉዳይ

ኪቦርድ ለማሸነፍ ከማውስ ያነሰ ይረዳል፤ ግን የበለጠ ያስደስታል። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ የምትጽፉ ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል፤ በጌም ያላወጣውን በሥራ ያወጣዋል።

ተራ ኪቦርድ ከቁልፎቹ ሥር የጎማ ንጣፍ አለው። ቁልፉ እንዲሠራ ጎማው እስከ ታች መታጠፍ አለበት። ሜካኒካል ኪቦርድ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ውስጡ ሞላ ያለው የራሱ ስዊች አለው። ቼሪ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ቀዩ ስዊች ቁልቁል 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ግን የሚሠራው ገና 2 ሚሊሜትር ላይ ነው፤ የሚጠይቀውም 45 ግራም ያህል ጉልበት ነው። ጣት እስከ ታች መደብደብ የለበትም። ዕድሜውም ይለያል። የጎማዎቹ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊዮን ምት ተብሎ ሲነገርላቸው፣ ሜካኒካሎቹ 50 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይባልላቸዋል።

ስዊቾቹ በቀለም ይለያሉ። ቀዩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቡኒው መሃል ላይ ለጣት የሚታወቅ ትንሽ ጉብታ አለው። ሰማያዊው ጉብታውም አለው፣ ይጮኻልም። ሰማያዊውን ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ማይክሮፎን ከፍታችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትጫወቱ ከሆነም ይቅርባችሁ፤ እነሱ የሚሰሙት እናንተን ሳይሆን ኪቦርዱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። «ጌሚንግ» ተብሎ መብራት የተደረገለት፣ «ሜካኒካል ስሜት ያለው» የሚባል ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ያው የጎማ ኪቦርድ ነው። ኪቦርድ፣ ማውስና ሄድፎን በአንድ ካርቶን የሚሸጡት ውስጥ ይበዛል። መለያው ቀላል ነው። ከተፈቀደላችሁ የአንዱን ቁልፍ ክዳን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ንቀሉት። ከሥሩ ራሷን የቻለች ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን፣ መሃሏ ላይ ብዙውን ጊዜ መስቀል መሳይ ግንድ ካያችሁ ሜካኒካል ነው። ክዳኑ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ከሆነና በቀዳዳው ውስጥ ጎማ ከታያችሁ፣ የምትከፍሉት ለመብራቱ ነው። መብራት ወዳችሁት ከገዛችሁ ምንም አይደለም፤ ሜካኒካል መስሏችሁ እንዳይሆን ብቻ።

ከሜካኒካል ወዲያ ያለው ማግኔት ያላቸው ናቸው፤ ሆል ኢፌክት ይባላሉ። ሜካኒካል ስዊች የሚያውቀው ነክቷል ወይም አልነካም ብቻ ነው። ማግኔቱ ግን ጣታችሁ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ያውቃል። ስለዚህ ቁልፉ የት ላይ እንዲሠራ እናንተ ትወስናላችሁ። «ራፒድ ትሪገር» የሚሉት ሲበራ ደግሞ ጣታችሁን ትንሽ ቀና እንዳደረጋችሁ ቁልፉ ይለቃል፤ እስከ ላይ መመለስ አይጠበቅም። ካውንተር ስትራይክ ላይ ቆማችሁ ካልተኮሳችሁ ጥይቱ ይበተናል፤ ስለዚህ ቶሎ መቆም ትልቅ ነገር ነው። ውቲንግ የሚባለው ድርጅት ስሙን የተከለው በዚህ ነው። ውድድር ውስጥ ላለ ሰው ጌሚንግ ኪቦርድ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር ለዩ። ሁለት ተቃራኒ ቁልፎች አብረው ሲያዙ የኋለኛውን ብቻ የሚቀበል፣ ሬዘር «ስናፕ ታፕ» ያለው ዘዴ አለ። ካውንተር ስትራይክን የሠራው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2024 ይህንንና መሰሎቹን በይፋዊ ሰርቨሮቹ ላይ ከልክሏል፤ የሚጠቀም ሰው ከጨዋታው ይባረራል። ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ እንዳታወጡ።

መጠንም አስቡበት። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ክፍል የሌለው ኪቦርድ ለማውሱ ተጨማሪ ቦታ ይለቃል። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ ግን ቁጥሮቹን ቶሎ ትናፍቃላችሁ።

5. ገመድ ያለው ወይስ የሌለው?

በራሱ ትንሽ ዶንግል (ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ መቀበያ) የሚሠራ የጥሩ ድርጅት ገመድ አልባ ማውስ ዛሬ ከባለ ገመዱ አይተናነስም። በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራው ግን ለተኩስ ጌም አይሆንም፤ ይዘገያል። ዶንግሉን ከኮምፒውተሩ ኋላ ከብረቱ ጀርባ አትሰኩት። ፊት ለፊት፣ ለማውሱ ቅርብ ይሁን። ለኪቦርድ ገመድ ምንም አይጎዳም፤ ኪቦርድ ቦታውን አይለቅማ። እዚያ የምትቆጥቡትን ለማውሱ ጨምሩት።

6. ዋጋውን ለሰዓት አካፍሉት

አሁን ወረቀት ያዙ። በቀን ስንት ሰዓት እጃችሁ ማውስ ላይ ነው? ጌሙንም ሥራውንም ቁጠሩ። 3 ሰዓት ከሆነና ዕቃው 4 ዓመት ይቆያል ካላችሁ 4,380 ሰዓት ይመጣል። ዋጋውን ለዚህ አካፍሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት የምትጫወቱ ከሆነ ግን በ4 ዓመት ውስጥ 416 ሰዓት ነው። ያው ማውስ ለእናንተ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወደዳል ማለት ነው። ወንድሜን ይህን ሳሳየው ዝም ብሎ ቁጥሩን ሲያይ ቆየ።

ከዚያ ደረጃ 1 ላይ ያገኛችሁትን ጉድለት ከጎኑ ጻፉ። «ክሊኩ ሁለቴ ይመታል»፣ «ከአንድ ሰዓት በኋላ አንጓዬን ያመኛል»፣ «ሺፍት ይዤ ስዘል አይሰማም»። እንዲህ ያለ ግልጽ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻላችሁ መግዛቱ ተገቢ ነው። ልትጽፉ የቻላችሁት «የድሮ ነው» ወይም «የጓደኛዬ ያምራል» ብቻ ከሆነ ሁለት ወር ጠብቁ።

ቅደም ተከተሉ በእኔ እምነት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሴቲንግ፣ እሱ በነፃ ነው። ከዚያ ፓድ። ከዚያ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ እጃችሁን የሚሞላ ማውስ። ኪቦርዱ መጨረሻ። ኮምፒውተሩ ራሱ ጌሙን የሚጎትት ከሆነ ወይም ፒንጋችሁ፣ ማለትም መልእክት ወደ ጌሙ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ ግን ሁሉንም አቁሙና ገንዘቡን ወደዚያ አዙሩት። 7 ሚሊሰከንድ የሚቆጥብ ማውስ 100 ሚሊሰከንድ የሚዘገይን ኔትወርክ አያድንም።

7. በእጅ ሞክሩ፣ ከገዛችሁ በኋላም ፈትሹ

በተቻለ መጠን በእጃችሁ ሳትይዙ አትግዙ። ሱቅ ካልሆነ የጓደኛ ቤትም ይሆናል። ማውሱን ያዙና ዓይናችሁን ጨፍኑ። የጎኖቹን ቁልፎች አውራ ጣታችሁ ሳትዘረጉት ያገኛቸዋል? ትንሿ ጣት ፓዱ ላይ ትጎተታለች? አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር መኖር የለበትም። ዋስትናውንም ጠይቁ። ክሊክ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከዓመት በኋላ ስለሆነ የሁለት ዓመት ዋስትና ያለው፣ ትንሽ ቢወደድም፣ ይሻላል።

ቤት ከገባ በኋላ ካርቶኑን አትጣሉ። የፎልደሩን ፈተና በአዲሱ ማውስ ላይ ድገሙት፤ ከሁለቱ ሺፍት ጋር የሚደረገውንም በአዲሱ ኪቦርድ ላይ። ለሳምንት ዲፒአዩን 800 ላይ አድርጉና ጌሙ ውስጥ ያለውን ሴንሲቲቪቲ (እጃችሁ ሲንቀሳቀስ እይታው ምን ያህል እንደሚዞር የሚወስነውን) ብቻ እያስተካከላችሁ ተጫወቱ። በየቀኑ አትቀያይሩት፤ እጅ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። በሰባተኛው ቀን አሮጌውን ማውስ መልሳችሁ ሰኩና ግማሽ ሰዓት ተጫወቱበት። ወደ አዲሱ ለመመለስ እጃችሁ ካልቸኮለ፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ አስገብታችሁ መልሱ።